የአየር መለኪያ ሴንሰርን ገድሎ ሌላ ለመግዛት

የመኪናህ ሚኒሞ ይወዛወዛል። ነዳጅ ስትረግጥ ታመነታለች፣ ዳገት ላይ ትደክማለች፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም በርቷል። ገንዘብህን በከንቱ ለመጨረስ ቆርጠህ ከሆነ መንገዱን ላሳይህ። የምጽፈውም ሊድን የሚችል ሴንሰር በየጋራዡ ሲጣል ማየት ስለሚያንገበግበኝ ነው።

በመጀመሪያ ምንም አትመርምር። ካንዴላ ቀይር፤ ካልሆነ የነዳጅ ፓምፕ፤ አሁንም ካልሆነ ኢንጀክተር አሳጥብ። ከአየር ፊልተሩ ሳጥን ወደ ሞተሩ በሚሄደው መንገድ ላይ የተሰካችውን ትንሽ ፕላስቲክ ዞር ብለህ አትያት። ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲኒየም ሽቦ አለ። ሽቦው በኤሌክትሪክ ይግላል፣ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ስንት ግራም አየር እንደገባ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። አቧራ ሲጋገርበት አየሩ እንደ ልብ አያቀዘቅዘውም። ስለዚህ የገባውን አየር አሳንሶ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ያንኑ አምኖ ነዳጅ ይቀንሳል።

ስካነር ተሰክቶ ፒ0171 ሲወጣ ወዲያው «ሴንሰሩ ሞቷል» በል። ኮዱ ያለው ግን ነዳጁ ለአየሩ አንሷል ብቻ ነው፤ ማን እንዳሳነሰው አልተናገረም። ከሴንሰሩ ወዲያ ያለው የጎማ ቱቦ ተሰንጥቆ ያልተለካ አየር ቢያስገባም ይኸው ኮድ ይመጣል። ቱቦውን አጠፍ አድርገህ በባትሪ መብራት አትፈትሽ። በስካነሩ ላይ ኮምፒውተሩ የሚጨምረውን ነዳጅ በመቶኛ የሚያሳየውን ቁጥርም አትከታተል፤ ብትከታተል ጥፋተኛው ይታወቅብሃል። ቁጥሩ በሚኒሞ ከፍ ብሎ ሞተሩ ሲጨምር ከወረደ ብዙ ጊዜ የሚያፈስ ቱቦ ነው፤ ሞተሩ በበረታ ቁጥር ከወጣ ሴንሰሩን ጠርጥር።

አዲስ አበባ የምትኖር ከሆነ ሌላም ዕድል አለህ። ለባህር ጠለል የተጻፈ የመለኪያ ሠንጠረዥ አምጣና ሴንሰሩን በእሱ ፍረድበት። ከተማዋ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባህር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ነዳጁ እስከ መጨረሻው ተረግጦ በሰከንድ 70 ግራም አየር የሚስብ ሞተር፣ እዚህ 52 ግራም ገደማ ቢስብ ጤነኛ ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ ስንቱ ደህና ሴንሰር ተፈርዶበታል!

አሁን ወደ ማጠቡ እንምጣ፤ ብዙው ግድያ የሚፈጸመው እዚህ ነው። ሞተሩ እየሠራ ሶኬቱን ንቀል። የሚስማማ ካቻቪቴ አትፈልግ፤ በማይገጥም ታግለህ የብሎኑን ራስ ብላው። ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ፈትገው፤ ሽቦው በአንድ ንክኪ ይበጠሳል። ብሩሽ ከሌለ ጥጥ ይበቃል፤ ቃጫው ሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ይቀራል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ፣ ቅሪት ሳይተው የሚተን ስፕሬይ መኖሩን እርሳና የካርቡራተር ወይም የፍሬን ማጠቢያ ንፋበት። እነዚህ ፕላስቲኩን ሊጎዱ፣ ሽቦው ላይም ቅሪት ሊተዉ ይችላሉ። በመጨረሻ የጎማ መንፊያውን ኮምፕረሰር አምጣና ከቅርብ ንፋው። ቀስ ብሎ ከሚረጭ ስፕሬይ በቀር ምንም የማይነካውን ሽቦ በዚያ ግፊት መምታት፣ እውነቴን ነው፣ ጭካኔ ነው።

ሳይደርቅ ግጠመውና አስነሳ። የሚቀጣጠል ፈሳሽ በሚግል ሽቦ ላይ ምን እንደሚያደርግ አታስብ፤ ግማሽ ሰዓት ጥላ ላይ ማስቀመጥ ለትዕግሥተኞች ነው። የቱቦውን ማሰሪያ ሳታጠብቅ ተወው። የድሮውን ኮድም አታጥፋ፤ ሥራው ይሳካ አይሳካ እንዳይታወቅ።

የአየር ፊልተሩን ደግሞ መርሳት የለብህም። ሳጥኑን በደንብ የማይዘጋ ርካሽ ፊልተር ግዛ፤ በየሳምንቱ በኮምፕረሰር እየነፋህ ወረቀቱን ቅደድ። የኮረኮንች መንገድ አቧራ በዚያች ቀዳዳ በቀጥታ ወደ ሽቦው ይሄዳል፤ አዲስ የገዛኸው ሴንሰርም ለሚቀጥለው እጥበት በጊዜው ይደርስልሃል።