ማንም ያልለበሰው ቀሚስ፣ ከነፎቶው

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ፣ የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ሽሮ ሜዳን ሳያይ አያልፍም። በዓል በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ሰው ጉለሌን የሚያስታውሰው በዚህ ገበያ ነው። ነጠላው፣ ጋቢው፣ የሐበሻ ቀሚሱ ከሱቅ ደጃፍ እስከ ጣሪያ ተሰቅሎ ያማልላል። እኔን ግን ከልብሱ ይልቅ የሚያስገርመኝ ትዕዛዙ ነው።

ደንበኛዋ ትገባለች። «ማንም ያልለበሰው ነው የምፈልገው» ትላለች። ባለሱቁ «ችግር የለም፣ የኔ እህት» ይላል። ይህን እንዳለ ስልኳን ታወጣና ማንም ያልለበሰውን ቀሚስ የለበሰች ሙሽራ ፎቶ ታሳየዋለች። በሁለት ጣቷ ምስሉን ከፈት አድርጋ ጥለቱን ታጎላለታለች። «ይሄንኑ ነው፤ ከለሩን ብቻ ቀየር አድርግልኝ፣ እንዳይመሳሰል።» ስልኩ ውስጥ ያለችው ሙሽራም በጊዜዋ የሌላ ሙሽራ ፎቶ ይዛ እዚሁ መጥታ እንደነበር ባለሱቁ ያውቃል። ግን ነጋዴ ነውና ዝም ይላል።

እሱም ቢሆን ከትዝብት አያመልጥም። ግድግዳው ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ለምን ቢሉት «ሞዴላችንን ይሰርቁናል» ይላል፤ ይህን የሚለው ታዲያ ከጎረቤት ሱቅ የተነሳ ፎቶ በቴሌግራም ለሸማኔው እያስተላለፈ ነው።

ፎቶው ወደ ሸማኔው ቤት ይወርዳል። አብዛኞቹ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ሥራቸውን ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው ይዘውት የመጡ ናቸው። ሰውየው እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ፣ ድሩን ፊቱ ወጥሮ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ሲያመላልስ ይውላል። ጥበቡ ላይ ሲደርስ ግን ፍጥነቱ ያበቃል፤ ክሩን አንድ በአንድ በጣቱ እየቆጠረ ባለቀለሙን ያስገባል። አጠገቡ የተቀመጠው ስልክ የሚያሳየው ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲላክ ደብዝዟል። ስለዚህ የማይታየውን ቦታ ሸማኔው ከራሱ ይሞላዋል። ደንበኛዋ ቀሚሱን ስትረከብ «እዚህ ጋ ፎቶውን አልመሰለም» ብላ የምትቆጣው ታዲያ በዚያችው ቦታ ነው። ከቀሚሱ ሁሉ ኦርጅናል የምትባለው ያቺ ቦታ ብቻ መሆኗን የሚነግራት የለም።

ወደ ዲዛይነሮቻችን ስንመጣ ቅሬታው አንድ ነው፤ «ኮፒ አደረጉብን።» እውነታቸውን ነው። ስንት ሌሊት የተጨነቁበት ቀሚስ መድረክ ላይ በታየ ማግስት ሽሮ ሜዳ ይሰቀላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጥበቡ በእጅ መሠራቱ ቀርቶ በፋብሪካ ማሽን ጨርቅ ላይ ታትሞ ከቻይና ይመጣና በርካሽ ይቸበቸባል። ይህ ያበሳጫል። ግን ዲዛይነሩን «ይህን ጥለት ከየት አገኘኸው?» ብለው ሲጠይቁት «ከባህላችን ተነሳስቼ» ይላል። ባህላችን የተባለው ሰውዬ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያስተምር፣ ስልክ ቁጥር ያለው ሸማኔ ነው። ዲዛይነሩ ከሸማኔው ሲወስድ መነሳሳት፣ ባለሱቁ ከዲዛይነሩ ሲወስድ ግን ሌብነት ይሆናል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢዛቤል ማራን የተባለችው የፈረንሳይ ዲዛይነር ያወጣችው ሸሚዝ በሜክሲኮ፣ በኦአሃካ ግዛት የምትገኘው የትላዊቶልቴፔክ ነዋሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚለብሱት ሆኖ ተገኘ። የሀገሬው ሰው ተቆጣ። የሚያስቀው ግን ፓሪስ ውስጥ የሆነው ነው። አንቲክ ባቲክ የተባለ ሌላ የፈረንሳይ ፋሽን ቤት «ንድፉ የእኔ ነው» ብሎ ማራንን ከስሷት ነበር። የማራን መከላከያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «የአንተ እንዴት ይሆናል፣ የሜክሲኮዎቹ ነው እንጂ!» ፍርድ ቤቱም ለከሳሹ አልፈረደም። ሁለት የፓሪስ ቤቶች ተካሰው ባለቤትነቱ ለመንደርተኛው ተመሰከረ፤ ሸሚዙ ግን የተሸጠው በፓሪስ ዋጋ ነው።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪያዊ ንድፍን ይጠብቃል። አዲስ ንድፍ ያለው ሰው አስመዝግቦ ለአምስት ዓመት ጥበቃ ያገኛል፤ ሁለት ጊዜ ማሳደስም ይችላል። በወረቀት ላይ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሐበሻ ቀሚስ ዕድሜ ከአንድ ጥምቀት እስከሚቀጥለው ጥምቀት ነው። ማመልከቻው ታይቶ ማኅተም እስኪያርፍበት ቀሚሱ ከፋሽን ይወጣል፤ ቀጂውም ወደ ሌላ ይሻገራል።

እዚህ ላይ ነው የገበያው ጫና የሚመጣው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለለባሿ ጌጥ ነው፤ ለሠሪው ግን የጊዜ ገደብ ነው። ከእንቁጣጣሽ መስቀል፣ ከመስቀል ገና፣ ከገና ጥምቀት፣ ከዚያ ፋሲካ፣ በመሐል የሠርጉ ወር አለ። በዚህ ጥድፊያ አዲስ ነገር ማሰብ ቅንጦት ነው፤ ባለፈው ዓመት የተሸጠውን ደግሞ መሥራት እንጀራ ነው። ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ዲዛይነሩ ራፍ ሲሞንስ እ.ኤ.አ. በ2015 ዲዮር ከተባለው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት ሲለቅ በዓመት ወደ ስድስት የሚጠጉ የልብስ ስብስቦች ይጠበቁበት ነበር። እሱ ጥሎ ሲሄድ ዓለም አዘነለት፤ የእኛ ሸማኔ ጥሎ ሹፌር ወይም ጥበቃ ሲሆን ግን ሙያው ጠፋ ብለን እንወቅሰዋለን።

ሁሉም በዚሁ መንገድ አልሄደም። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ያቋቋመችው የሀገሯ ሸማኔዎች ገበያ እያጡ መሆናቸውን አይታ ነው። ሥራው ዋጋ ያገኘው የእጁ ሥራ ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆኖ ስለቀረበ ነው። ኒው ዮርክ ላይ በእጅ መሠራቱ ዋጋውን ከፍ ያደርገዋል፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ግን «ይሄን ያህል? የታተመው እኮ በግማሽ አለ!» ያስብላል። የሚገርመው፣ እንዲህ የምትከራከረው ደንበኛ ቀሚሱን ለብሳ በምትለጥፈው ፎቶ ሥር «በእጅ የተሠራ» ብላ ትጽፋለች።

ድሮ የመመሳሰል ጣጣ በማዕረግ ያልቅ ነበር፤ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ የመኳንንት ነውና ተራው ሰው አይደፍረውም። ዛሬ ጃኖም ጥበብም የከፈለ ሁሉ ነው፤ እሰየው። እኩልነቱ ግን አንድ ችግር ይዞ መጣ፤ ሁሉም ተለይቶ መታየት ይፈልጋል፣ ከሰው ተነጥሎ መታየት ግን ይፈራል። ለዚህ ነው ፎቶ ይዘን የምንሄደው። ፎቶው ቀሚሱ እንደሚያምር ሌላ ሰው አስቀድሞ የከፈለበት ዋስትና ነው።

በእውነት ማንም ያልለበሰውን የሚፈልግ ሰው መንገዱ ክፍት ነው። ስልኩን ቦርሳው ውስጥ ይተው፤ ሸማኔውን «አንተ ደስ ያለህን ሥራልኝ» ይበለው፤ ለጥምቀት ካልደረሰ ለፋሲካ ይጠብቅ፤ ዋጋውን ሳይከራከር ይክፈል፤ ሠርጉ ላይ ደግሞ አክስቱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉት ፈገግ ብሎ ይለፈው። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲበዛ ዲዛይነሩም ሸማኔውም አያሳፍሩንም። እስከዚያው ግን ኮፒ በዛ የሚለውን እሮሮ ቀነስ ብናደርገው ጥሩ ነው፤ ቀብድ ከፍለን ያዘዝነው እኛው ነን።