የጉንዳኖቹ መሶብ

አራዊት ሁሉ በአንድ ገበያ ይውሉ በነበረበት ዘመን፣ ከምሥራቁ ኮረብታ ሥር ጉንዳኖች ይኖሩ ነበር። አንድ ክፉ የረሃብ ዘመን አያቶቻቸውን በያሉበት ፈጅቶባቸዋል። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ቁመቱ አጭር ሽማግሌ ተነሥቶ፣ «እያንዳንዱ ቤት ማሳውን ለራሱ ይረስ፤ ከግብር የተረፈው የራሱ ይሁን፤ በራችንንም ለገበያ እንክፈት» ያላቸው። ጠገቡ። ከጠገቡም በኋላ አክርማ ነክረው፣ ወስፌ ይዘው መሶብ ይሰፉ ጀመር።

መሶቡ ርካሽ ነበር። ዋናው ገዢ አንበሳ ነው። በአንበሳ መንደር የነበሩ ሰፊዎች ወስፌያቸውን ሰቀሉ። አንበሳም የሚከፍለው እህል ሲያጥረው በቅጠል ላይ ጥፍሩን እያተመ፣ «ይህን የያዘ ከነወለዱ ይከፈለዋል» ብሎ ይሰጣቸዋል። ጉንዳኖቹ ቅጠሉን በጎተራ ከተቱ። አንድ ማታ፣ ከእናቱ ሥር ተቀምጦ አክርማ የሚሰነጥቅ ትንሽ ጉንዳን፣ «እማዬ፣ ጎተራችን ሞልቶ እኛ ለምን ቆሎ ብቻ እንቆረጥማለን?» አላት። «እኛ ደኅና ከበላን መሶቡ ይወደዳል ልጄ፤ ከተወደደ ደግሞ አንበሳ አይገዛንም» አለችው፤ ዓይኗን ከስፌቷ ሳታነሣ። ጣቶቿ በወስፌ ተበሳስተው ነበር። የሚበላ አፍ እንዳይበዛም ሽማግሌዎቹ ለአንድ ቤት አንድ እንቁላል ብቻ ብለው አወጁ።

ቅጠሉ ሲበዛ ማበደር መጣ። በሐይቁ መሐል ደሴት ላይ የምትኖር እንቁራሪት ተበድራ የጀልባ ማረፊያ አሠራች። ጀልባዎቹ ግን በፊቷ ያልፋሉ እንጂ አይቆሙም። ከሌሎች ጎረቤቶችም ተበድራ ነበርና፣ የዕዳው ቀን በየአቅጣጫው ሲደርስባት ማረፊያውን ለጉንዳኖቹ ለ99 ዓመት አከራየች። 99 ዓመት የሚኖር እንቁራሪት ስለሌለ፣ ውሉ ሲያልቅ ማን እንደሚረከብ የጠየቀ አልነበረም። ደገኛው ዋልያም ተበድሮ እስከ ጨው ባሕሩ የሚያደርስ መንገድ አሠራ። ባሕር አልነበረውምና መንገዱ ያስፈልገው ነበር። ብድሩን ግን በ10 ዓመት መክፈል አቅቶት 30 ዓመት አስደረገው።

አንበሳ አንድ ቀን መንደሩን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ፣ ሥራ ያጡ ሰፊዎች በየደጁ ተቀምጠዋል። ተቆጣ። በበሩ በሚያልፈው መሶብ ላይ ቀረጥ ጣለ። ጉንዳኖቹም ከአንበሳ በሚገዙት አኩሪ አተር ላይ ጣሉ። ይህ ሲጨምር ያ ሲጨምር፣ 100 አሞሌ በሚያወጣው ዕቃ ላይ አንበሳ 145 አሞሌ፣ ጉንዳኖቹ 125 አሞሌ ደረሱ። የአንበሳን ቀረጥ ከኪሳቸው ያወጡት የገዛ ደቦሎቹ ነበሩ፤ መሶቡን የሚገዙት እነሱ ናቸውና።

አንበሳ ጦሩን ሊያሠራ አንጥረኛ ዘንድ ሄደ። አንጥረኛውም «ጌታዬ፣ ብረቱን የሚያጸናው ቀይ አፈር አልቋል» አለው። ያን አፈር ማጠብ ውኃ ያበላሻል ብለው ሌሎቹ ከተዉት ቆይተዋል፤ የሚያጥቡት ጉንዳኖቹ ናቸው። አንበሳ ጉንዳኖቹን የሚወጋበት ጦር እንዲሠራለት ከጉንዳኖቹ አፈር ለመነ። ጉንዳኖቹም መሶባቸውን እንዲገዛቸው ለመኑት። ለ90 ቀን ታረቁ።

በዚያ መሐል ያልተሸጠው መሶብ በዋልያ መንገድ ወደ ደጋ ተጫነ። የደጋ ሰፊዎችም ወስፌያቸውን ሰቀሉ። ከኮረብታው ሥር ሽማግሌዎቹ አሁን እስከ 3 እንቁላል ፈቅደዋል፤ ለሚወለዱትም ብዙ ቤት አስገንብተዋል። ወጣቶቹ ግን «ቀን ከሌት ስንሰፋ መቼ እናሳድጋለን?» አሉ። ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ሽማግሌዎቹም የመሶቡ ቁጥር እንዲጨምር አዘዙ።

90 ቀኑ ሊያልቅ ሲል የአንበሳና የጉንዳኖቹ መልእክተኞች ዋልያ ደጅ ተገናኙና፣ «ከማን ወገን ነህ?» አሉት። ዋልያ ግን ለዚያ መልስ ከመስጠቱ በፊት፣ ገበያው መሐል የተከመረውን መሶብ ማን እንደሚያነሣለት ጠየቃቸው።