ሰም ያልነካ ጣት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ግን መስከረምን የሚጠብቅ የለም፤ ጉዱ በየሰኞው ይሰማል። የሰሞኑ ጉድ የሰም መቅረጫ መሣሪያዎቼን አንስቶ አገላብጦ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ሙዚየም ይፈልጓቸዋል» ያለኝ ጎረምሳ ነው። ያገሬ ልጅ ነው፤ ከዋሺንግተን ወጣ ብሎ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጣሪያ ሥር ጥርስ እንሠራለን። አክባሪ ልጅ ነው፤ ቡና ሳይቀዳልኝ አይጠጣም። ችግሩ «ጋሼ» ባለኝ ቁጥር ወደ ጡረታ አንድ እርምጃ የገፋኝ ይመስለኛል።

ሙያውን ለማያውቅ ልንገር። የተጎዳ ጥርስ ዙሪያው ተሞርዶ በላዩ ላይ የሚደፋለት ቆብ ክራውን ይባላል። በመጫን የሚሠራው የሴራሚክ ክራውን መጀመሪያ በሰም ነው የሚቀረጸው። የሰም ጥርሱ ላይ ቀጭን የሰም ዘንግ ይተከልለታል፤ እሳት የሚችል ዱቄት ተበጥብጦ ይፈስበታል፤ ሲጠነክር 850 ዲግሪ የሞቀ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ሰሙ ነዶ ይጠፋና በቦታው ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ከ900 ዲግሪ በላይ ሞቆ የለዘበ ሴራሚክ በዘንጉ መንገድ ተገፍቶ ያን ባዶ ቦታ ይሞላዋል። እንግዲህ ሰሙ የሆነውን ሁሉ ሴራሚኩ ይሆናል። ሰሙ ላይ የጣት አሻራህን ብትተው አሻራህ ለዘመድ አዝማድ ይተርፋል።

የቺካጎው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ታጋርት በፈረንጆች 1907 የወርቅ ሙሌት በዚሁ ዘዴ ማፍሰሱን ለባልደረቦቹ ሲያሳይ ትልቅ ግኝት ተባለለት። ያገሬ አንጥረኛ ቢሰማ «ድንቄም ግኝት!» ብሎ ወደ ወናፉ ይመለስ ነበር። ፈረንጆቹ ሰም ሲቀልጥ ወርቁ የሚቀረው ቅኔ ቤት ብቻ መስሏቸው ይሆናል።

ሴራሚክን እንደዚህ መጫን ደግሞ በ1980ዎቹ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠንስሶ፣ ሊችተንሽታይን ባለው ኢቮክላር ኩባንያ በኩል «ኢምፕረስ» ተብሎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ወጣ። በ2005 የበለጠ ጠንካራው «ኢማክስ» ተከተለ። እንጀራዬ ይኸው ነው። ታዲያ እዚያው ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ፣ እዚያው ዘመን፣ ሞርማን እና ብራንደስቲኒ የሚባሉ ሁለት ሰዎች የተሞረደ ጥርስን በካሜራ አንስቶ ሙሌቱን ከሴራሚክ ጥርብ የሚፈለፍል ማሽን ሠሩና በ1985 ታካሚ አፍ ላይ ሞከሩት። አንድ ዩኒቨርሲቲ በቀኝ እጁ አጎረሰኝ፣ በግራው ከአፌ ነጠቀኝ። ከዙሪክ ጋር ያልተወራረደ ሒሳብ አለኝ።

በእጅ መቅረጽ ምን እንደሆነ ጎረምሳው አይቶ አያውቅም፤ አንተ አንባቢዬ እይልኝ። መሣሪያው በእሳት ይሞቃል፣ ሰሙን ይነካል፣ ጠብታዋ ጫፉ ላይ ትንጠለጠላለች። ቶሎ ከለቀቅሃት የጥርሱ ቅጂ በሆነው ጀሶ ላይ ተዘርግታ ትበላሻለች፤ ከዘገየህ መንገድ ላይ ትደርቃለች። ሰዓቷን የምታውቀው ጣት ናት። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አምስት ጉብታ አለው። አምስቱን አንድ በአንድ በጠብታ ታቆማቸዋለህ፤ የላይና የታች ጀሶዎቹን እንደ አፍ የሚገጥመውን አርቲኩሌተር ዘግተህ ከላይኛው ጥርስ ጋር የት እንደሚገናኙ ታያለህ፤ ከዚያ ሸንተረሩን ትሞላለህ፣ ሸለቆውን ትፍቃለህ። ፒተር ቶማስ የተባለው አሜሪካዊ ለዚህ ሥራ አምስት መሣሪያ ትቶልናል፤ ሁለቱ ሰም ይጨምራሉ፣ ሌሎቹ ያለሰልሳሉ፣ ይቀርጻሉ። ሙዚየም ይግቡ የተባሉት እነዚህ ናቸው። በእርግጥ ጣትም ይቃጠላል፤ ሰም ያልተንሳፈፈበት ቡና የጠጣሁበትም ቀን ጥቂት ነው።

ጎረምሳው ምን ያደርጋል? ወንበሩን ያስተካክላል። ማውሱን ይጨብጣል። ከሶፍትዌሩ ማኅደር ውስጥ የተዘጋጀ ጥርስ መርጦ የተሞረደው ጥርስ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ጎተት ጎተት፣ አንድ ሁለት ክሊክ፣ «ጋሼ፣ አለቀ!» ይላል። እኔ ገና መሣሪያዬን እያሞቅሁ ነው። ይህ የማኅደር ጥርስ እንደ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ለሁሉም ይሆናል፣ ማንንም አይመስልም። ዕድሜ ልካቸውን ቆሎ ቆርጥመው ጥርሳቸው ሜዳ የሆነ እናት ነበሩ። ጎረምሳው ጉብታው የተሞነሞነ የአሥራ ስምንት ዓመት ኮረዳ መንጋጋ ሠራላቸው። ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተልገው ዝቅ ብለዋል፤ መኻል ላይ አዲሷ ኮረዳ ጉብ ብላለች። «ያምራል እኮ!» አለኝ። ያምራልማ፤ እሳቸው ግን ሊያኝኩበት ነው የፈለጉት።

ስክሪኑ ላይ የተሣለውን ጥርስ ከሰም የሚፈለፍለው ማሽንም የራሱ አመል አለው። ሰሙን የሚፈለፍልበት ጫፍ ክብ ነው። ሐኪሙ የጥርሱን ጠርዝ ሹል አድርጎ ከሞረደው ክቡ ጫፍ የሹሉን ቦታ መቆፈር አይችልም፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ውስጡን አስፍቶ ይገላገላል። ክራውኑ ይገባል፤ ገብቶ ይወዛወዛል። በሰም ፈንታ በስሪዲ ፕሪንተር የሚታተመው ሬዚን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰም ምድጃ ውስጥ ቶሎ ይቀልጣል፤ ሬዚን ግን እስኪነድ ድረስ እየሞቀ ይለጠጣል። ካልተጠነቀቁለት የቀበሩበትን ዱቄት ይሰነጥቀዋል፣ ሴራሚኩም በስንጥቁ ሾልኮ ክንፍ ያበቅላል። ክንፍ ያለው መንጋጋ ለየትኛው ፍጡር እንደሚሆን እግዜር ይወቀው።

ሐሰት ግን አልናገርም። ሶፍትዌሩ ክራውኑ የሳሳበትን ቦታ በቀለም ያሳያል፤ እኔ ያን የማገኘው በካሊፐር እየለካሁ ነው። ደግሞ መጫኑ ከከሸፈ የእኔ ሰም ነዶ ሄዷል፣ ከዜሮ እጀምራለሁ፤ የእሱ ፋይል ኮምፒውተሩ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ቡናውን ራሴ ልቀዳ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያ ሁሉ ክሊክ ካለቀ በኋላ ጎረምሳው ማሽኑ የፈለፈለውን የሰም ጥርስ በመዳፉ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣል። «ጋሼ፣ ማርጂኗን አንዴ ቢያዩልኝ።» አየሃት? ማርጂን ማለት ክራውኑ አልቆ ጥርሱ የሚጀምርበት መስመር ነው። እዚያ ላይ ክፍተት ካለ ምራቅ ይገባል፣ ባክቴሪያ ይከተላል፣ ክራውኑን ያጣበቀው ሲሚንቶ ይታጠባል፣ ከሥር ያለው ጥርስ ይበሰብሳል። ማክሊን እና ፎን ፍራውንሆፈር በ1971 ባወጡት ጥናት ከአንድ ሺህ በላይ ሥራዎችን አምስት ዓመት ተከታትለው ሊታለፍ የሚችለው ክፍተት 120 ማይክሮን ገደማ ነው ብለዋል፤ የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ እንኳ አይሞላም። ሰሙን ጀሶው ላይ አስቀምጬ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ማሽኑ ያሳሳው ጠርዝ እዚህ ተሸርፏል፣ እዚያ ከመስመሩ አጥሯል። የመጨረሻዋን ሚሊሜትር ቆርጬ አነሣለሁ፤ ትኩስ ሰም አፈስሳለሁ፤ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረውን በመሣሪያዬ ተጭኜ እይዘዋለሁ፤ ትርፉን በስሱ እፍቃለሁ። ለዚህች ነው ሙዚየም ይግቡ የተባሉት ብረቶች ከመሳቢያ የሚወጡት።

ከዚያ ክራውኑ ይጫናል፣ ይወለወላል፣ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ላይ ምን የሚል ወረቀት ይለጠፋል? «ሙሉ በሙሉ በዲጂታል የተሠራ»። ሙሉ በሙሉ! እኔ በዚያች ሚሊሜትር ውስጥ የለሁም ማለት ነው።

ይባስ ብሎ ጀሶ የሌለው ሥራ መምጣት ጀምሯል። ሐኪሙ አፍ ውስጥ ካሜራ አዙሮ ፋይል ይልካል፤ ፋይሉ ወደ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ወደ ምድጃ። ከእጄ የሚገባ የጥርስ ቅጂ የለም። ማርጂኑን የት ላይ ልዝጋው? ስክሪኑ ላይ ሰም ላንጠባጥብ? አለቃችን «ወጪ ይቀንሳል» ይላል። የተመለሰውን ክራውን ድጋሚ የምንሠራበት ወጪ ከየት እንደሚመጣ ግን አይጠይቅም።

ስለዚህ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። ሐኪሞች፣ ስካናችሁን ላኩ፤ አልቃወምም። አለቃዬ፣ ማሽንህን ግዛ፣ ማኅደርህንም አስፋ። ግን ክራውን በተጫነ ቁጥር የተሞረደው ጥርስ ቅጂ ይታተምና ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጥ። አንተም ልጄ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ሲቀል መጥተህ አጠገቤ ተቀመጥና አንድ መንጋጋ በሰም ቅረጽ። ሰሙን እኔ አመጣለሁ፤ ቡናውን አንተ ቅዳ።