ጥቁር ማሳ ነው

ያገለገለ ተሳቢ ቤት የሚገዛ ሰው ቤቱን ብቻ አይገዛም፤ የቀድሞውን ባለቤት የሽቦ ጠባይም አብሮ ይረከባል። ሻጩ ደግ ሰው ነበር። ጎማውን አሳየን፣ አልጋው እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየን፣ ጣሪያው እንደማያፈስ ማለልን። ባትሪዎቹን ግን ለክረምቱ ብርድ ብሎ ፈትቷቸው ኖሯል። ከጋራዡ አንድ በአንድ እያቀፈ አምጥቶ ጫነልንና «መግጠሙ ቀላል ነው፤ ስታየው ይገባሃል» አለኝ። አሜሪካ ውስጥ «ቀላል ነው» የተባልኩት ነገር ሁሉ ቅዳሜዬን በልቶ እሁዴን ይለምናል።

ባለቤቴ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ቦታ ይዛለች። የፓርኩ የካምፕ ሜዳዎች የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ ያለህ ባትሪህ ነው።

«ፍሪጁ በጋዝ አይደል እንዴ የሚሠራው? ባትሪ ምን ያደርግልናል?» አለች።

በጋዝ ይሠራል። ጋዙን የሚከፍተውና የሚለኩሰው ሰሌዳ ግን 12 ቮልት ካላገኘ ንቅንቅ አይልም። የማሞቂያው ማራገቢያ፣ የውሃው ፓምፕ፣ የጋዝ ማስጠንቀቂያው፣ ሁሉም እጁን የሚዘረጋው ወደ ባትሪው ነው። ይህን ሁሉ በዝርዝር ሳስረዳት ቆይታ «ከምታስረዳኝ ለምን አትገጥመውም?» ብላኝ ገባች።

እዚህ ላይ ጋሼ መጡ። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ ተክለሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ ውስጥ በመኪና ኤሌክትሪክ ፀጉራቸውን ያሸበቱ ሰው። ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ካቻቢቴ ዛሬም ከኮታቸው ኪስ አይጠፋም። አሌክሳንድሪያ ደጃችን ላይ የቆመውን ተሳቢ ዞረው አዩትና ከመጎተቻው ብረት ላይ የተንጠለጠሉትን ሽቦዎች ጎንበስ ብለው ቆጠሩ፦ አንድ ወፍራም ጥቁር፣ አንድ ወፍራም ነጭ፣ አንድ ቀጭን ጥቁር፣ አንድ ቀይ።

«ቀይ ፕላስ፣ ጥቁር ማሳ። አለቀ» አሉ።

አላለቀም። ቀዩ ሽቦ ጫፉ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ በፕላስተሩ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ «ይሄ አይደለም» የሚል ተጽፎበታል። ምኑ አይደለም? ፕላስ አይደለም? ማሳ አይደለም? የሚነካ አይደለም? ጸሐፊው የተጣደፈ ሰው መሆኑ ከፊደሉ ያስታውቃል። ለራሱ ነው የጻፈው፤ እሱ ሲያነበው ነገሩ ሁሉ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔና ጋሼ ግን እንደ ጠንቋይ ወረቀት እያገላበጥን አየነው።

ነገሩ የሚከብደው ተሳቢ ቤት ግማሹ መኪና፣ ግማሹ ቤት ስለሆነ ነው። በመኪና ዓለም ጋሼ እንዳሉት ቀይ ፕላስ፣ ጥቁር ማሳ፣ ማለትም ማይነስ፣ ነው። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ሽቦ ግን ጥቁሩ ኤሌክትሪክ የሚመጣበት፣ ነጩ የሚመለስበት ነው። ተሳቢውን የሠሩት ሰዎች የቤቱን ልማድ ወደ 12 ቮልቱም ይዘውት ስለሚገቡ፣ እዚህ ጥቁሩ ፕላስ፣ ነጩ ማሳ ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህን አንብቤ አውቄዋለሁ። ለጋሼ እንዴት እንደሚነገር ግን የሚያስተምር መጽሐፍ የለም።

«ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ እዚህ ጥቁሩ ፕላስ ነው ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ተሳቢ የሚሠሩት።»

«እኔ አንተ ሳትወለድ ባትሪ ስገጥም ጥቁር ማሳ ነው!»

ክርክሩ መካከል ሽማግሌ ሆኖ የገባው ቴስተሩ ነው። ባትሪ ተገልብጦ ከተገጠመ፣ ተሳቢው ውስጥ ያለው፣ 120 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርደው መቀየሪያ ፊውዞቹ ወዲያው ይቃጠላሉ፤ ፊውዞቹ የተቀመጡትም ለዚሁ ነው፤ ግን እሱን ለማየት ያን ያህል አልጓጓሁም። መጀመሪያ የቴስተሩን አንዱን እግር ነጩ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ቀለሙ የተፋቀ የተሳቢው ብረት ላይ አሳረፍኩ። ጢጥ አለ። ነጩ ከብረቱ ጋር አንድ ነው ማለት ነው። ጋሼ ዝም አሉ። ቀጥሎ ተሳቢውን ከቤቱ ኤሌክትሪክ ሰካነው። መቀየሪያው ባትሪም የሚሞላ ነውና፣ ባትሪ ባይኖርም 12 ቮልቱ በሽቦዎቹ ጫፍ ይወጣል። ሁለቱ ወፍራም ሽቦዎች እንዳይነካኩ ለያየናቸው። የቴስተሩ ቀይ እግር ጥቁሩ ላይ፣ ጥቁሩ እግር ነጩ ላይ፦ 13.6። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት የለም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አዩ። ምልክቱ አሁንም የለም።

«የሠራው ሰው ግን ባለጌ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የጋሼ ሆነ። መሰኪያውን ነቀልን። ባትሪዎቹ እያንዳንዳቸው 6 ቮልት የሆኑ፣ ለጎልፍ መኪና የሚሠሩ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱ ፕላስ ከሌላው ማይነስ ጋር ካልተያያዘ 12 አይወጣም። ጎን ለጎን ፕላስ ከፕላስ ቢገጠሙ 6 ሆነው ይቀራሉ፤ መቀየሪያውም 13.6 እየላከ ያፈላቸዋል። ይህን ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ «ልጄ፣ በሁለት ባትሪ 24 ቮልት የሚነሳ የጭነት መኪና ስንት ገጥሜያለሁ መሰለህ» ብለው አገናኝዋን ሽቦ ከእጄ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ጥቁሩን፣ በመጨረሻ ነጩን አሰሩ። ጥቁሩን ሲያስሩ ፊታቸውን ወደ ጎረቤት አዙረው ነበር።

ቀጭኑ ጥቁር ሽቦ መጎተቻው ላይ ወዳለች ትንሽ ማብሪያ ይሄዳል። ተሳቢው መንገድ ላይ ከመኪናው ቢላቀቅ ገመዷ ተስባ ስትነቀል ፍሬኑን የምታስይዘው እሷ ናት። በመካከል ማጥፊያ ሳይገባባት ቀጥታ ከባትሪው ፕላስ ጋር አሰርናት። በዚህ እኔም ጋሼም አልተከራከርንም።

ቀዩን ጋሼ በደረታቸው ተኝተው ተከተሉት። በተሳቢው ሆድ ሥር ሄዶ ሄዶ፣ ከአክስሉ አለፍ ብሎ በፒንሳ ተቆርጧል። ጫፉ ከምንም ጋር አልተያያዘም።

«እውነቱን ነው፣ ይሄ አይደለም» አሉ ልብሳቸውን እያራገፉ።

መብራቱ በራ፣ ፓምፑ አጉረመረመ፣ ባለቤቴ ፍሪጁን ከፍታ እጇን አስገባች። ጋሼ ግን አልተነሱም። ፕላስተርና እስክሪብቶ ጠይቀው ወፍራሙን ጥቁር ሽቦ ጠቀለሉና በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው «ጥቁሩ ፕላስ ነው፤ ተከራክረንበታል» ብለው በአማርኛ ጻፉበት። ቀጣዩ ገዢ አስተርጓሚ ይፈልግ።