የማይካፈለው ቁጥር እና ካቦው፤ ከገዳሪፍ የሰሊጥ ማሳ የተደረገ ጥናት

1. መነሻ

ብቸኛ ቁጥር ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ጠባይ ከ2,000 ዓመት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። ከመተማ ወደ ገላባት ተሻግሮ በሱዳኗ ገዳሪፍ ሰሊጥ ያጨደ ሳሉግ (ወቅታዊ የጉልበት ሠራተኛ) ግን በአንድ ወር ይረዳዋል። ይህ ጥናት ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት የተደረገ ነው።

2. ዘመን

2ን 136,279,841 ጊዜ ደርድረን ስናባዛና ከውጤቱ 1 ስንቀንስ 41,024,320 አሃዞች ያሉት ብቸኛ ቁጥር ይወጣል። ሉክ ዱራንት የተባለ አሜሪካዊ ያገኘው ይህ ቁጥር በጊዜው ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነበር። ይፋ የሆነው ሰሊጥ በሚታጨድበት ወር፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው። ልብ በሉ፤ 2017 ራሱ ብቸኛ ቁጥር ነው። ፈረንጆች ያንኑ ጥቅምት በ2024 ስለመዘገቡት ለ2፣ ለ11 እና ለ23 ይካፈልባቸዋል። በተቃራኒው አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ የወደቁበት ዓመት በፈረንጅ 1889 ነው፤ አይካፈልም። በእኛ 1881 ነው፤ ለ3 ይካፈላል። ስለዚህ መካፈልና አለመካፈል እንደ ሰሊጡ ሁሉ ድንበር ሲሻገር ዋጋው ይለወጣል።

3. ሙከራ

አንድ ባለማሳ ለአንድ ቡድን 6,007 የሱዳን ፓውንድ ከፈለ እንበል። ሳሉጎቹ 6 ከሆኑ እኩል ተካፍለው 1 ፓውንድ ይተርፋል። 7 ቢሆኑም 1 ይተርፋል። 11 ቢሆኑም፣ 13 ቢሆኑም ያው 1 ነው። የተረፈችው ወደ ቡድኑ አለቃ ወደ ካቦው ኪስ ትገባለች፤ በዚህ ላይ በመስኩ ክርክር የለም። 5 ከሆኑ 2 ይተርፋል፤ ያኔ ካቦው ወንድም እንዳለው ያስታውሳል።

በ1 ፓውንድ ሻይ እንኳ አይጠጣም የሚሉ ተቺዎች አሉ። ተቺዎቹ የቆጠሩት ፓውንዱን ነው፤ ካቦው የሚቆጥረው ሂላውን (የሰሊጡን ክምር) ነው።

4. ማብራሪያ

ነገሩ አጋጣሚ አይደለም። 2፣ 3፣ 7፣ 11 እና 13 ሲባዙ 6,006 ይሆናሉ፤ በላዩ 1 ተጨምሯል። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት ገደማ በፊት ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ያሳየው በዚሁ ዘዴ ነው፦ በእጅህ ያሉትን ሁሉ አባዛ፣ 1 ጨምር፤ ለየትኛቸውም ብታካፍለው 1 ይተርፍሃል፤ ስለዚህ ከዝርዝርህ ውጭ ሌላ ብቸኛ ቁጥር የግድ አለ። ሊቁ ያልነገረን የተረፈችውን 1 ማን እንደሚወስዳት ብቻ ነው። ይህን ክፍተት ገዳሪፍ ሞልታዋለች።

5. ምክረ ሐሳብ

ሳሉጎቹ ቁጥራቸውን ቀይረው በመጪው ጥቅምት 17 ሆነው ቢሰለፉ መልካም ነው። ካቦው ሐሳቡን ገና ሳይነበብለት ደግፎታል። 6,007 ለ17 ሲካፈል 6 ይተርፋል።