በሜዳ የበቃ ሾፌር

የከባድ መኪና ሾፌር መሆን ያማረህ ወንድሜ፣ እንኳን በዚህ ለጋስ ዘመን ተወለድክ! ድሮ ሾፌር የሚባለው ዓመታት ረዳት ሆኖ፣ ግሪስ ለብሶ፣ ዳገት ላይ ታኮ ተሸክሞ ከተሳቢው ኋላ ሲሮጥ የኖረ ሰው ነበር። ጌታው ደስ ያለው ዕለት ለጥቂት ደቂቃ መሪ ያስይዘዋል። ከዚህ ኋላቀርነት ተገላግለናል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ሥልጠና ይላል፣ ፈተና ይላል። ይበል፤ አዋጅ መሪ አይዝም። አንዱን አሮጌ መኪና ሠልጣኝ ሁሉ ስለሚጠብቀው ተራህ እስኪደርስ ጥላ ሥር ተቀምጠህ ጓደኛህ ሲነዳ ታያለህ፤ ማየትም ከሥልጠና ይቆጠርልሃል። መኪናው ባዶ ነው። ባዶ መኪና ደግሞ ጨዋ ነው፤ ቁም ሲሉት ይቆማል። የተግባር ፈተናው ሜዳ ላይ በችካሎች መካከል ወደ ኋላ መግባት ነው። ችካል ብትጥልስ? ደላላው ያነሣልሃል፤ ለምን ተከፈለው ታዲያ?

ካርዱ ኪስህ ገባ። ከደብረ ማርቆስ የጎጃምን ጤፍ ጭነህ፣ ሉማሜን አልፈህ ደጀን ትደርሳለህ። ከዚያ ወዲያ ዓባይ በረሃ ነው፤ ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ እስከ ጎሐ ጽዮን ደግሞ ያንኑ የሚያህል ዳገት፣ በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጥምዝምዝ። የድሮው ሾፌር አፋፉ ላይ ቆሞ ጎማውን መታ መታ ያደርጋል፣ የፍሬኑን አየር ያያል፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ እየያዘ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፈሪ! አንተ ፍሬን መኖሩን ተምረሃልና ትረግጣለህ። ደግመህ ትረግጣለህ። ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያም መያዙን ይተዋል። ነዳጅ ልቆጥብ ብለህ ማርሹን ዜሮ ካደረግኸውማ ጭነቱ ራሱ ይነዳልሃል።

አጠገብህ የተቀመጠው ረዳት በረሃውን ጥምዝ በጥምዝ ያውቀዋል። የትምህርት ማስረጃ ስለሌለው ግን መንጃ ፈቃድ አያገኝም። ስለዚህ አንተ ትነዳለህ፣ እሱ ቅዱስ ጊዮርጊስን ይጠራል። የሥራ ክፍፍል ይሏል ይህ ነው።

የሆነው ከሆነ በኋላ የሚባለው ይታወቃል፤ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው።» ብረቱ ሸፍቶ ነው እንጂ የማንም ጥፋት የለበትም! ሕዝባችንም ፍርዱን በመኪናው ላይ ጨርሶ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ሰይሟል። «ብቁ ነው» ብሎ ለፈረመው ሰው ግን እስከ ዛሬ ስም አልወጣለትም።

ስም እስኪወጣለት ድረስ አንድ ነገር እንለምን። ፈታኙ ከፈረመ በኋላ ወደ ቢሮው አይመለስ፤ አዲሱ ሾፌር ጭነት ሞልቶ ሲነሣ ጋቢና ተቀምጦ ከደጀን እስከ ድልድዩ አብሮት ይውረድ። ደላላውም ቦታ አይጣ፤ ከጭነቱ ላይ ይፈናጠጥ።