ገና አልሞትክም፤ ሽንኩርት ላጥ!

አንተ ወዳጄ፣ ዶላርን በፎቶ ካልሆነ አይተኸው የማታውቀው ሰውዬ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው እንቅልፍ ያጣኸው ምን አስቀምጠህ ነው? ዶላር ያላቸው እንኳ ተኝተው አደሩ።

«ዘይት ይጨምራላ!» ትለኛለህ። ጨመረም። አንተ ዓይንህን አፍጥጠህ ስላደርክ ግን አንድ ብር አልቀነሰልህም።

የሰፈራችን አንድ ጭንቀታም አለ። ስሙን አልጠራም፤ ስሜ ተነሣ ብሎ ደግሞ ይጨነቃል። ልጁ ኬጂ ሳይገባ ስለ ሠርጉ የድንኳን ኪራይ የሚያሰላ ሰው ነው። ታዲያ ይሄ ሰው ለቅሶ ቤት መጥቶ፣ ከሟቹ ቤተሰብ በላይ ሲተክዝ ቆይቶ፣ ውሃ ፍለጋ ወደ ጓሮ ዞር ይላል። ጓሮ ደግሞ የእድሩ ወጥ ቤት አለ። አለቃዋ ምላሳቸው ከቢላቸው ይልቅ የሰላ እናት ናቸው።

«እማማ፣ ጭንቀት ገደለኝ» አላቸው።

«ገድሎህ ቢሆን ድንኳኑ ያንተ ነበር። ገና ነህ፤ ና ሽንኩርት ላጥ።»

«ኧረ ዓይኔን ያቃጥለኛል!»

«ታዲያ ምን ከፋህ? እስከ ዛሬ ያለ ምክንያት አልነበር የምታለቅሰው?»

«ልቤ ደግሞ ድው ድው ይላል።»

«ጡሩምባ የሚነፋው ዝም ሲል ነው።»

«ነገ ምን እንደምሆን አላውቅም እኮ፣ እማማ።»

«እኔ አውቃለሁ። ነገ ሰልስት ነው፤ ውሃ ትቀዳለህ።»

«እንቅልፍም የለኝም...»

«እሰይ! የሌሊት ተረኛ አጥተን ነበር።»

ሰውዬው የመጣው ለማዘን ነበር፤ ተረኛ ሆኖ ቀረ። ሌሊቱን ካርታ እየተጫወቱ ለሚያመሹት ሻይ ሲያመላልስ፣ ለሟቹ እናት ብርድ ልብስ ሲደርብ፣ የአንዱን ስኳር በዛ የሌላውን አነሰ እየሰማ አነጋ። ሻይ የያዘ ሰው ስለራሱ ማውራት ይቸግረዋል፤ ሁሉም «እስቲ ለእኔም» ይለዋል እንጂ «አንተስ እንዴት ነህ?» አይለውም። ዕድሜ ልኩን የሚያስፈልገው ይሄው ነበር።

እዚህ ላይ ተረቤን አንዴ ላቁም። ሕመም የሆነ ጭንቀት አለ፤ እሱ ሐኪም ይፈልጋል እንጂ ሽንኩርት አይበቃውም። አማኑኤል ሆስፒታል የተሠራው ለቀልድ አይደለም። እኔ የምተርበው ጤነኛውን ነው፤ ራሱን የዓለም ምሰሶ አድርጎ፣ እሱ ካልተጨነቀ ሰማዩ የሚወርድ የሚመስለውን።

ማገልገል ብቻውን ይፈውሳል ብዬም አልሸውድህም። ማርታን እይ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ እንግዳ ለማስተናገድ ጉድ ጉድ የምትል ሴት ናት፤ ዓይኗ ግን ከድስቱ ይልቅ እህቷ ማርያም ላይ ነበር። በእጇ ካለው ሥራ በላይ ማርያም ያልሠራችው አስጨነቃት። የዛሬው ማርታ ደግሞ ስልክ ይዟል። አንድ ካርቶን ፓስታ ይዞ ችግረኛ ቤት ይገባና ዐሥር ፎቶ ያነሣል። ፓስታው ሳይበስል ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይደርሳል። ከዚያ «ላይኩ ለምን አነሰ?» ብሎ ሲጨነቅ ያድራል። ወዳጄ፣ ችግረኛዋ እኮ አሁን ሁለት ችግር አለባት፤ የድሮው ረሃብና ያንተ ፎቶ።

ፍቅር ያለበት አገልግሎት እንዴት ነው ካልከኝ ወይዘሮ አበበች ጎበናን ልጥራልህ። በ1980 እ.ኤ.አ. ግሸን ማርያም ሊሳለሙ ወሎ ወረዱ። አገሩ ረሃብ ላይ ነበር። አንተ ብትሆን ጠበል በጄሪካን ቀድተህ ትመለስ ነበር፤ እሳቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው «ወይ እኔ ወይ ልጆቹ» ወደሚለው መጡ፤ እሳቸውም የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚያው ሥራ ነበሩ።

«ታዲያ እሳቸው አልተጨነቁም?» በለኝ። እንዴት አይጨነቁ! 21 ልጅ ተሰልፎ ቁርስ ሲጠብቅ የማይጨነቅ ድንጋይ ነው። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የእሳቸው ጭንቀት ቁርስ ሲቀርብ ያልቃል። የምሳው ጭንቀት ምሳ ሲቀርብ ያልቃል። ያንተ ግን የሚያልቅበት ሰዓት የለውም፤ «እኔ ምን እሆን ይሆን?» ለሚል ጥያቄ ማን ምን አብስሎ ያቀርብለታል? ለሰው የተጨነቀ እጁ የሚይዘው ነገር አለው፤ ወይ ማሰሮ፣ ወይ ባልዲ፣ ወይ የታማሚ ክንድ። ለራሱ ብቻ የተጨነቀ የሚይዘው ቢያጣ ጭንቅላቱን ይይዛል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊንም አሉልህ። ከባለቤታቸው ጋር በ1959 እ.ኤ.አ. ከአውስትራሊያ ሲመጡ የፈረሙት የሦስት ዓመት ውል ነበር። በ1974 እ.ኤ.አ. የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው እስኪያርፉ አዲስ አበባን ቤቴ ብለው ኖሩ። አንተ የቤት ኪራይ ውልህ ሊታደስ ሁለት ወር ሲቀረው ፀጉርህ ይሸብታል።

«እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ቅድስናም የለኝ፣ ምን ላድርግ?» አልከኝ? ማን ሆስፒታል ክፈት አለህ! የሰፈርህ ውሃ በፈረቃ ነው አይደል? እንግዲያው በፈረቃው ቀን ከጎንህ ያሉትን አዛውንት በር አንኳኳና ጄሪካናቸውን ተቀበል። ስልክህን ቤት አስቀምጠው። መጨነቅ ካማረህም እየቀዳህ ተጨነቅ፤ ብቻ ክዳኑን ጥብቅ አድርገው፣ ደረጃው ላይ እንዳይፈስባቸው።